የአባ ካቻቢቴ ጆሮ

ጭስ ማውጫው ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ፋብሪካ ባለበት ሁሉ አንድ እሳቸውን የመሰለ ዋና ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ታውቃቸዋለህ። ሱፋቸው በልካቸው የተሰፋ ነው፤ የቀኝ እጅጌው ግን ግራሶ ነክቶታል። ጫማቸው ጠዋት ፊት ያሳያል፤ ከሰዓት በኋላ የሲሚንቶ ይሁን የብረት የማይለይ ብናኝ ለብሶ ይመለሳል። ቢሯቸው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እሳቸውን ብሎ ስድስተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ግን ደረጃ ቆጥሮ ከመመለስ በቀር የሚያተርፈው የለም። ሰውየው ታች ናቸው። ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ ከአንድ ማሽን አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

የእኛው ሰው ሙሉ ማዕረጋቸው «ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ» ነበር። ዘወር ሲሉ ግን የሦስት ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያውቃቸው «አባ ካቻቢቴ» በሚል ነው። ስሙን ያውቁታል፤ እንዳላወቀ ሰው ይሆናሉ። አንድ ጊዜ የግቢው ጥበቃ አፉ አምልጦት «አባ ካቻቢቴ ገቡ!» ብሎ በሬዲዮ ሲናገር ከኋላው ቆመው ነበር። «ንገራቸው፣ ገብተዋል» ብለውት አለፉ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻቢቴ ብሎን መፍቻ ናት፤ በአባ ካቻቢቴ እጅ ግን የሐኪም መስሚያ ናት። ጫፏን ማሽኑ ላይ ተክለው፣ እጀታዋን ከጆሯቸው ሥር ካለው አጥንት ላይ ሲያስደግፏት፣ በብረቱ ሆድ ውስጥ ያለው ጉድ ሁሉ ወደ ራሳቸው ይገባል። የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍበት ኩሽኔታ የሚባል ባለ ኳስ ቀለበት አለ፤ ማሽን ስትታመም መጀመሪያ የሚያቃስተው እሱ ነው። ይህን ጥበብ ያስተማሯቸው የሲሚንቶ ፋብሪካው ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፤ ያኔ እሳቸው ከትምህርት ቤት የወጡ፣ ጽሕፈታቸው የሚያምር፣ ብሎን የማይፈቱ ወጣት መሐንዲስ ነበሩ። «ስማ ልጄ» አሏቸው ሽማግሌው፤ «ማሽን ካጉረመረመች ደህና ናት። የምታፏጨውን ፍራ።» ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው ነው እስከ ሥራ አስኪያጅነት የወጡት። ሌላው ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው።

ስማቸውን ያስጠራችው የእቶኑ ትልቋ ማራገቢያ ናት። በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ «ታፏጫለች» ብለው አቆሟት። እሷ ስትቆም እቶኑ ቆመ፤ እቶኑ ሲቆም ፋብሪካው ቆመ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ወረዱ።

«በማን ፈቃድ ነው ያቆምከው?»

«በእሷ» አሉ አባ ካቻቢቴ፣ ወደ ማራገቢያዋ እየጠቆሙ።

ስትከፈት ኩሽኔታው ቁርጥራጩ በባልዲ ተለቅሞ ወጣ። አንድ ሰዓት ብትጨምር ማራገቢያዋ ግድግዳ በስታ ትወጣ ነበር ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሹመት በሹመት ላይ ሆነ፤ የክፍል ኃላፊ፣ ምክትል፣ በመጨረሻ ዋና። ከሲሚንቶው ወደ ብረታ ብረት፣ ከብረታ ብረቱ ወደ ጠርሙስ ፋብሪካ። በሄዱበት ሁሉ ሁለት ነገር ይዘው ይሄዳሉ፤ ያችን ባለ ቢጫ እጀታ ካቻቢቴና ጸሐፊያቸውን።

ጸሐፊያቸው እትዬ ቀጠሮ ናት። ስሟ ይህ አይደለም፤ ግን እናቷ ያወጡላትን የሚያስታውስ ሰው በፋብሪካው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ በር ለተጠጋ ሁሉ ቀድማ የምትለው ቃል «ቀጠሮ አለዎት?» ስለሆነ ነው። አንድ ቀን የእሳት ማንቂያው ያለ ምክንያት ጮኾ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቧቸውን እየጎተቱ ስድስተኛ ፎቅ ቢደርሱ፣ ከመነጽሯ በላይ አየት አድርጋ፣ «ቀጠሮ አላችሁ?» አለቻቸው። ደግሞም መለሰቻቸው። አባ ካቻቢቴ ሹመት ሲቀርብላቸው የሚያስቀምጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ «እሷ ከመጣች እመጣለሁ።»

ወደ ብረታ ብረቱ የሄዱ ቀን የሆነውን እትዬ ቀጠሮ እስከ ዛሬ ስታወራው ትስቃለች። የመምሪያ ኃላፊዎች በሙሉ አበባ ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አራት ገጽ ነው። አባ ካቻቢቴ ከመኪና ወርደው፣ ቆም አሉና አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ በተሰለፈው ሰው መሀል አልፈው ወደ ብረት መዳመጫው አዳራሽ ገቡ። ሁለት ሰዓት ጠፉ። አበባው ጠወለገ። ፊታቸው ጥላሸት መስሎ ሲመለሱ ማይክራፎኑን ተቀብለው፣ «ሦስተኛዋ በጠና ታማለች። ዛሬውኑ ትከፈት» ብለው ተቀመጡ። ንግግሩ ይኸው ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው ደንግጦ እትዬ ቀጠሮን በጆሮዋ፣ «ምስኪን፣ ስንት ሴት ልጆች ነው ያሏቸው? የትኛው ሆስፒታል ነው የተኛችው?» አላት። «ከዚህ ሦስት መቶ እርምጃ ነው» አለችው፤ «የመዳመጫዋ ሞተር ናት።»

አማካሪዎች ሲመጡ ደግሞ ማየት ነው። እነዚህ ቀጭን ኮምፒውተር ይዘው የሚመጡ፣ ፈገግታቸው የማይጨማደድ ልጆች፣ መጋረጃ አዘግተው አንድ ሰዓት ተኩል ግራፍ ያሳያሉ። አባ ካቻቢቴ በትዕግሥት ያያሉ። ሲያልቅ ያጨበጭባሉ እንኳ። ከዚያ ዘንበል ብለው፣ «በጣም ጥሩ ነው፤ ለመሆኑ ወርዳችሁ ሰምታችኋታል?» ይላሉ። ቀጣዩ ስብሰባ የሚካሄደው ታች፣ ቆመው፣ የራስ ቆብ አድርገው፣ እየተጯጯሁ ነው፤ ከአሥር ደቂቃም አያልፍም።

ቤታቸውም ቢሆን ያው ነው። የገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ፣ ሙሽሪትን እጇን ይዘው ወደ አዳራሹ እያስገቡ ድንገት ቆሙ። እንግዳው ሁሉ አባት ሆዳቸው ባብቶ መስሎት እንባውን ጠረገ። እሳቸው ግን የአዳራሹን ጄነሬተር ነበር የሚሰሙት። ባለቤታቸው ይህን ሲያወሩ አይቀልዱም፤ «እኔ ሠላሳ ዓመት ስናገር ያልሰማ ጆሮ፣ ፍሪጁ ትንሽ ሲያስነጥስ ምሳውን ጥሎ ይነሳል» ይላሉ። ሾፌራቸውም የራሱን መላ አበጅቶ ነበር። መኪናው አንዳች ድምፅ ባሰማ ቁጥር ሬዲዮ ይከፍታል፤ አለዚያ መሀል መንገድ አቁመው፣ በዚያ ሱፍ፣ ከመኪናው ሥር ይገቡበታል።

እትዬ ቀጠሮ ነገር እንዳለ መጀመሪያ የጠረጠረችው በዚሁ ሬዲዮ ነው። አንድ ቀን አብራ ስትሄድ መኪናው ከፊት ጎማው በኩል ሲንጫረር ሰማች። ሾፌሩ እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ፤ ከዚያ በመስታወት አባ ካቻቢቴን አየና እጁን መለሰ። እሳቸው ጋዜጣ ያነባሉ። ሾፌሩና እትዬ ቀጠሮ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

ከዚያ ወዲህማ ምኑ ቅጡ። «ሻይ ላምጣልዎት?» ስትላቸው «ሐሙስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ» ይሏታል። ስልኩ እየጮኸ ካጠገቡ ተቀምጠው ይፈርማሉ። እትዬ ቀጠሮ ጉዳዩን እንደማንኛውም የቢሮ ጉዳይ ያዘችው፤ በምስጢርና በሥርዓት። ግራቸው ከቀኛቸው እንደሚብስ በአንድ ሳምንት ደረሰችበት። የስብሰባ ወንበሮችን ቦታ ቀየረች፤ ብዙ የሚያወራ ሁሉ በቀኝ በኩል እንዲቀመጥ አደረገች። የዕለቱን ጉዳይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ከፊታቸው ታኖራለች። የራሷንም ድምፅ ከፍ አደረገች። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ ጨመር፣ በመጨረሻ አምስተኛ ፎቅ ያሉት የሒሳብ ሠራተኞች የሥራ አስኪያጁን የቀን ውሎ ከእሷ አፍ ይሰሙ ጀመር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ለእሳቸው አልነገረቻቸውም። የማያውቁ መስሏት ነው። ሰው ጆሮውን ሲያጣ ማን ይነግረዋል፣ ያውም በጆሮው ለኖረ ሰው!

ከዚህ ሁሉ መሀል አዲሱ ምድጃ መጣ። የጠርሙስ ፋብሪካ ልቡ አሸዋ የሚቀልጥበት ምድጃ ነው። አንዴ ከተለኮሰ ዓመታት ሙሉ አይጠፋም። አሮጌው ዘመኑን ጨርሶ ነበር፤ አዲሱን አባ ካቻቢቴ ከመሐንዲሶቹ ጋር ጡብ በጡብ ነድፈውታል። የሚጠናቀቀው ግን ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው፤ የእሳቸው የሥራ ዘመን ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ስለዚህ ቦርዱ ሁለት ዓመት ያራዝምላቸው ወይስ ያሰናብታቸው የሚለው ሊወሰን ሆነ። በሕይወታቸው ለራሳቸው ነገር ሲለምኑ እትዬ ቀጠሮ ያየችው ያኔ ብቻ ነው። «ሌላ ምንም አልፈልግም እህቴ» አሏት፤ «በእጄ ልለኩሳትና ልሂድ።»

የቦርዱ ሰብሳቢ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል፣ ጠንቃቃና ጨዋ ሰው ነው። ወሬው ደርሶታል። ሳያስታውቅ ስድስተኛ ፎቅ መጣ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ይሰማሉ?»

«ቀጠሮ አለዎት?» አለችው።

ሰብሳቢው ሳቀ፤ ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። «እንግዲያው ሐሙስ ቦርዱ በሙሉ ፋብሪካውን ይጎበኛል» አለ። «እንደ ልማዳቸው ማሽኖቹን ሲያዳምጡ እናያለን። ከዚያ እንወስናለን።»

ረቡዕ ዕለት፣ በሃያ ስድስት ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ፣ እትዬ ቀጠሮ ራሷ ወደ ማሽኖቹ አዳራሽ ወረደች። ዋና መካኒኩን ፈለገችው። ይህ ሰው ከብረታ ብረቱ ጀምሮ ከአባ ካቻቢቴ ጎን ያልተለየ፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ፍጡር ነው፤ «ዝም አይነቅዝም» ይሉታል። አባ ካቻቢቴ ማሽን ሲያዳምጡ እሱ ሁልጊዜ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ይጠብቃል።

«ነገ ቦርዱ ሲመጣ» አለችው በጆሮው፤ «አጠገባቸው እንዳይደርሱ። ጥያቄ እንዳይጠይቋቸው። አንተ መሀል ገብተህ እንደ ግድግዳ ቁም። ፊትህን ወደ ቦርዱ አድርግ፤ የሚጠይቅ ካለ አንተን ይጠይቅ። ገባህ?»

ዝም አይነቅዝም ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰባት የቦርድ አባላት፣ ሰባት አዲስ ነጭ የራስ ቆብ አድርገው፣ እንደ እንጉዳይ ተሰልፈው ገቡ። ከምድጃው ሥር ሁለት ትልልቅ ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎች አሉ። ሁሌ አንዷ ስትሠራ አንዷ ተጠባባቂ ናት። በወር በወር ይፈራረቃሉ፤ ያ ወር የአንደኛዋ ተራ ነበር፤ የዚያን ቀን ጠዋት ግን የሌሊቱ ፈረቃ ግራሶ ሊያጠጣት አቁሟት ሁለተኛዋን አስነስቷል። ዘንጓ በብረት ሽፋን የተከደነ ስለሆነ ትዙር ትቁም አይታይም። ድምፁም ያው አንድ ጎርፍ ነው። መቆሟን የሚናገረው ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ መብራት ብቻ ነው።

አባ ካቻቢቴ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ። እንደ ወትሯቸው ወደ አንደኛዋ ሄዱ። ካቻቢቴዋን ተከሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝም አይነቅዝም እንደታዘዘው ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ፊቱን ወደ ነጫጮቹ ቆቦች አድርጎ፣ እንደ ግድግዳ ቆመ። ከወትሮው ረዘመ። አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው የመካኒኩን ጀርባ አዩ፤ መልሰው ጨፈኑ።

ቀና አሉ። «ደህና ናት» አሉ ጮክ ብለው። «ጥሩ ትዞራለች።»

እትዬ ቀጠሮ ቀዩን መብራት አየችው። ሰብሳቢውም አየው። ስድስቱ ደግሞ የሰብሳቢውን ዓይን ተከትለው አዩት።

«ይቅርታ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ» አለ ሰብሳቢው፤ «ይቺኛዋ የቆመች አይደለችም እንዴ?»

አባ ካቻቢቴ ጥያቄውን አልሰሙትም። ዝም አይነቅዝም ግን ሰማ። ከዚያም ሰውየው በሕይወቱ ታላቁን ንግግር አደረገ።

«ቆማለች። እሳቸው ሁልጊዜ ቆሞ ከሚውለው ነው የሚጀምሩት። የምትሠራ ማሽን እያንዳንዱ ኳስ ይዞራል፣ እኩል ይበላል። የቆመች ግን አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብላ የጎረቤቷ መንቀጥቀጥ በወለሉ በኩል እየመጣ ይቀጠቅጣታል። ሳትሠራ ትጎዳለች። ይህን የሚያውቅ ሥራ አስኪያጅ ስንት አለ? ‹ጥሩ ትዞራለች› ያሉት ስትነሳ ማለታቸው ነው።»

ሲጨርስ ያላበው እንደ ምድጃ ሠራተኛ ነበር። የቦርዱ አባላት አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው ማስታወሻ ያዘ። እትዬ ቀጠሮ ይህን ዝምተኛ ሰው እዚያው ልትስመው ምንም አልቀራት።

ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ስድስተኛ ፎቅ ተሰበሰበ። እትዬ ቀጠሮ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ በቀኝ በኩል ተቀመጠች። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «በጉብኝቱ በጣም ተደንቀናል» አለ፤ «የሁለት ዓመቱ መራዘም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» እትዬ ቀጠሮ ብዕሯን አንስታ፣ በሚያምር ጽሕፈቷ «በሙሉ ድምፅ» ብላ ጻፈች።

አባ ካቻቢቴ ተነሡ። ካቻቢቴዋን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ተይው፣ አትጻፊው» አሏት። ወደ ቦርዱም ዞሩ። «ማሽኗ መቆሟን አላወቅኩም ነበር። ስወጣ ነው መብራቱን ያየሁት። የግራ ጆሮዬ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የቀኜም ሊከተለው መንገድ ላይ ነው። መካኒኩ የተናገረው ሁሉ ለሙያው እውነት ነው፤ ስለ እኔ ያለው ግን ውሸት ነው። ስለወደደኝ ዋሸ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ውሸት ተደግፌ ምድጃ አልለኩስም።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ» አለ ሰብሳቢው፣ ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «እነዚያን ማሽኖች ማን ነው ሲያዳምጣቸው የኖረው?»

«እነሱ ናቸዋ!» አሉ አባ ካቻቢቴ፣ በመስኮቱ ወደ ታች እያሳዩ። «መካኒኮቹ። እኔ ዓይኔን የጨፈንኩ ይመስላችኋል፤ አልጨፍንም። በሽፋሽፍቴ ሥር የመካኒኩን ፊት ነው የማየው። ማሽኗ ከታመመች ፊቱ ላይ አለ፤ እሱ ከእኔ በፊት ሰምቷታል፣ አፉ ነው የማይታዘዝለት። ‹ታማለች› ስል እፎይ ይላል። ዛሬ ግን ምን እንደነካው አላውቅም፣ ጀርባውን ሰጠኝ። ጀርባ ምን ይናገራል?»

እትዬ ቀጠሮ ብዕሯ ከእጇ ወደቀ።

ቦርዱ ያደረገውን ለማሳጠር፣ ውሳኔው ተነሳ። እንዲያም ሆኖ ሰብሳቢው እስከ በር ሸኝቷቸው፣ «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከእኛ የሚፈልጉት ነገር አለ?» አላቸው። «አንድ አለ» አሉ። «ስትለኮስ ጥሩኝ። ቆሜ ልያት።»

ሁሉም ከሄደ በኋላ እትዬ ቀጠሮ በባዶው አዳራሽ አጠገባቸው መጥታ ቆመች። «እኔ ነኝ ጌታዬ!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን ልማድ ሆኖባት ትጮሃለች። «መካኒኩን ጀርባህን ስጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ! ልሸፍንልዎት ብዬ ነው! የማያውቁ መስሎኝ ነው! ምድጃዎትን ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ!»

አባ ካቻቢቴ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ሳቅ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የምትጮሂብኝ ለዚህ ነው?»

«እና ለምን መሰለዎት?»

«እኔማ ያረጀሽ መስሎኝ! ‹ምስኪን፣ ድሮ እንዴት ያለች ትሑት ሴት ነበረች፣ አሁን ግልፍተኛ ሆነች› እያልኩ ነበር። ለባለቤቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ። ‹ቻላት› ነው ያለችኝ።»

እንዲህ ነው አባ ካቻቢቴ ከሦስተኛው ፋብሪካ የወጡት። በሳምንቱ ግን ዝም አይነቅዝም ስድስተኛ ፎቅ መጣ፤ ቀጠሮ እንኳ አልነበረውም። ያ ንግግሩ ከንክኖት አንደኛዋን ማራገቢያ ከፍቷት ነበር። ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው። ቀለበቱ ላይ ኳሶቹ የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ በጥፍር የተጫኑት ያህል ጎድጉዷል። ማሽኗ በወር በወር ስትቆም፣ ቁጭ ባለችበት፣ እውነትም ተጎድታለች።

«ሊያፏጭ ነበር» አለ ዝም አይነቅዝም። ያን ቀን ሌላ አልተናገረም።

እትዬ ቀጠሮ ወዲያው ደወለችላቸው፤ ያለችውን አምስተኛ ፎቅም ሰማ። በሌላኛው ጫፍ አባ ካቻቢቴ እየሳቁ፣ «ውሸቱ እውነት ወጣበት በይው» አሉ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የክብሪት ሳጥን የሚያክሉ መሣሪያዎች በየማሽኑ ላይ አስለጠፈ፤ መንቀጥቀጡን በስልኩ ያያል። ጥሩ ሰው ነው፣ አይካድም። ስድስተኛ ፎቅ ሲፈለግ ይገኛል፤ ይህ ለእትዬ ቀጠሮ እንግዳ ነገር ሆኖባት ነበር። አባ ካቻቢቴ ደግሞ ባለቤታቸው ወስደዋቸው የጆሮ መስሚያ ተገጠመላቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደውለው፣ «እህቴ፣ እዚህ ቤት ይህን ያህል ወሬ መኖሩን አላውቅም ነበር» አሏት በሹክሹክታ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈና ምድጃው ደረሰ። ሰብሳቢው ቃሉን ጠበቀ። አባ ካቻቢቴ ያንኑ ሱፍ ለብሰው መጡ፤ ግቢው በር ላይ ጥበቃው ሬዲዮውን አንስቶ፣ ይህን ጊዜ አፉ ሳያመልጠው፣ «አባ ካቻቢቴ ገቡ!» አለ። ቆሞ ማየት ብቻ ነበር የጠየቁት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን ችቦውን ተቀብሎ፣ አንድ እርምጃ ሄዶ፣ ተመለሰና በእጃቸው አስያዛቸው። ምንም ንግግር አላደረገም። ለኮሷት። እሳቱ ቦግ አለ፣ ማራገቢያዎቹ ተነሡ፣ ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጩኸቱ ስለበዛ አባ ካቻቢቴ መስሚያቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ከሌላው ኪሳቸው ባለ ቢጫ እጀታዋን አወጡ። ሁሉም ሲጠብቅ፣ ወደ ማራገቢያዋ ሳይሄዱ ዞር አሉና ለእትዬ ቀጠሮ ዘረጉላት።

እሷ በዕድሜዋ ማሽን አዳምጣ አታውቅም። ተሸማቀቀች። ቢሆንም ሻርፗን ወደ ትከሻዋ ወረወረች፤ የካቻቢቴዋን ጫፍ ማራገቢያዋ ላይ ተከለች፣ እጀታዋን ከጆሮዋ ሥር አስደገፈች፣ ጎንበስ አለች። ዓይኗንም ጨፈነች። ዝም አይነቅዝም ፊት ለፊቷ መጥቶ ቆመ።

«ምን ትላለች?» አሉ አባ ካቻቢቴ።

እትዬ ቀጠሮ ቀና አለች። አፏ ልማዱ ነውና «ደህና ናት» ሊል ተከፍቶ ነበር። ያዘችው። ወደ ቀኝ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ? ምንም አልገባኝም። ዝም ብላ ታጉረመርማለች!»

የአባ ካቻቢቴ ፊት እንደዚያ ሲበራ ያየ የለም፣ የልጃቸው ሠርግ ላይ እንኳ።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱን ነው የጠየቅኩሽ።»

ካቻቢቴዋን ልትመልስላቸው ብትዘረጋ አልተቀበሏትም። «ያዣት» አሉ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ወርደሽ ስሚልኝና ያለችውን ንገሪኝ። ያልገባሽንም ቢሆን።»

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ቀጠሮን ብሎ ስድስተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው፣ ቀጠሮ ቢኖረውም አያገኛትም።